ጣሳ አዳማጩ የኋላ ሰው

ሞሪዋኪ ታዳኖሪን መጀመሪያ ያየሁት ጣሳ ሲያዳምጥ ነው። ሃማሳኪ ወደብ ላይ ባለው የታሸገ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ማኬሬል የሚባል ዓሣ የሞላባቸው ጣሳዎች በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ እሱ ጫፏ ድቡልቡል የሆነች ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ያልፍባቸዋል። ዓይኑ ጣሳዎቹ ላይ አልነበረም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ከብዙዎቹ መካከል የአንዱ ድምፅ ይደፈርሳል፤ አየር የገባበት ወይም ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ነው። እኔ ልዩነቱን ጨርሶ አልሰማሁም። እሱ ግን ዘንጓን ሳያቆም በግራ እጁ ያንኑ ጣሳ መዝዞ ወደ ጎን ያኖረዋል።

«በምን አወቅከው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ መምህር። ደህናው ጣሳ ሲመታ ይመልስልዎታል። መጥፎው ያጉረመርማል» አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሲያዳምጡት ይለመዳል» ሲል ጨመረ።

የሄድኩት ጣሳ ለማየት አልነበረም። ሙያዬ መምህርነት ቢሆንም ያን ዓመት ከብሔራዊ የራግቢ ቡድናችን መራጮች አንዱ ነበርኩ። የዌልስ ቡድን አገራችን ሊመጣ አምስት ሳምንት ሲቀረው አሥራ አምስት ቁጥራችን ትከሻው ተሰበረ። አሥራ አራቱ ከፊት ሲተራመሱ ከሁሉም ኋላ ብቻውን የሚቆመው ሰው ነው አሥራ አምስት ቁጥር። ሁሉን ሰብሮ የመጣውን ይዞ የሚጥለው እሱ ነው። ባላጋራ ወደ ሰማይ የለጋትን ሞላላ ኳስ፣ የሰው ጎርፍ እየመጣበት፣ ዓይኑን ከላይዋ ሳይነቅል ቆሞ የሚቀልባት እሱ ነው። ሌላው ቢሳሳት ከኋላው ሰው አለ። እሱ ቢሳሳት ከኋላው ያለው መስመሩ ብቻ ነው።

አሠልጣኛችን ኡሜሃራ ልቡ ያረፈው ሺዮሚ ሬንታሮ በሚባል የሃያ አንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ነበር። ሺዮሚ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ልጃገረዶች ፎቶውን ከመጽሔት ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ይለጥፉታል። ሌላው እጩ ሞሪዋኪ ነበር፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ከስምንት ዓመት በፊት አራት ጊዜ ለአገሩ ተሰልፎ፣ አሠልጣኝ ሲለወጥ ያለ አንድ ቃል የተረሳ።

«መምህር፣ እርስዎ ሄደው ይዩት» አለኝ ኡሜሃራ። «እርጅናውን በዓይንዎ አይተው ሲመለሱ ክርክራችን ያልቃል።»

በሞሪዋኪ በኩል ግን ነገሩ ከክርክር በላይ ነበር። ፋብሪካው ገበያ ስለቀዘቀዘበት የራግቢ ቡድኑን በመጋቢት ሊበትን ወስኗል። ከመጋቢት በኋላ በዚያ ዕድሜው የሚቀበለው ቡድን አይኖርም። ለአገሩ አንድ ቀን እንኳ ዳግመኛ ሳይሰለፍ ሊያበቃ ነው ማለት ነው፤ ይህን እሱም፣ ሚስቱም፣ ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል።

ከሥራ በኋላ ሜዳቸው ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። ሜዳው ከወደቡ አጥር ሥር ነው፤ ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ጠጠር፤ የባሕር ወፎች እንደ ተመልካች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ሰውዬው ብዙም አይሮጥም። መጀመሪያ ይህን አይቼ ኡሜሃራ ልክ ነው ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል የማይሮጠው ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ላይ ቀድሞ ስለሚገኝ ነው። ሌሎቹ ቀና ብለው ሰማይ ሲፈልጉ እሱ ጉዞ ጀምሯል።

«ኳሷን ሳታይ እንዴት ትነሣለህ?»

«የጫማው ድምፅ ይነግረኛል። ሆዷን ሲመታት ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሩቅ ትሄዳለች። ጫፏን ሲያገኛት ይደርቃል፤ ወደ ላይ ትወጣና እዚያው ትመለሳለች።»

ልምድ ሲባል የዓመታት ክምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ዓመት ግን በማንም ላይ ይከመራል፤ በድንጋይም ላይ ይከመራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልምድ ያለው የምለው፣ ሌላው ገና የሚጠይቀውን ነገር ጠይቆ የጨረሰውን ሰው ነው።

ማታውን እራት ቤቱ ጋበዘኝ። ሚስቱ ኪኑኤ እዚያው ፋብሪካ ዓሣ የምታጸዳ ሴት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። ድስቱ መሐላችን ላይ ይንተከተካል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ራዲሽ ከሚባለው ነጭ ሥር ትልልቁን እየመረጠች ወደ አባቷ ሳህን ትገፋለች።

«ይውሰዱት መምህር» አለች ኪኑኤ። «ከስምንት ዓመት በፊት ሲያስቀሩት ምን እንዳለ ያውቃሉ? ምንም! ሁለት ወር ሙሉ ምንም። ጣሳ እንኳ ሲመቱት ይናገራል።»

«ኧረ ተይ።»

«ምን ተይ ይላል ይኼ ሰውዬ! ለእንግዳ እውነት ይነገር እንጂ። ዘንድሮ ደግሞ ቡድንም የለም፣ ሜዳም የለም። ቤት ቁጭ ብሎ እኔን ሲያይ ሊውል ነው።»

«እሱስ አይከፋም» አለ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

በእጇ በያዘችው ፎጣ ትከሻውን አለችው። ልጅቷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ሲስቅ ዓይኑ ድስቱ ላይ እንደቀረ አየሁ።

ከእራት በኋላ ወደ ባቡር ጣቢያው ሸኘኝ።

«መምህር፣ ለምርጫው የሙከራ ጨዋታ ከጠሩኝ…» አለና ቆመ። «አዝነውልኝ እንዳይሆን።»

«ለማዘን ሥልጣን የለኝም። ትመጣለህ።»

እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰም በኋላ ቀና አላለም ነበር።

የሙከራው ጨዋታ ቶኪዮ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ኡሜሃራ ሁለቱንም በአንድ ቡድን አሰለፋቸው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ሞሪዋኪ ከኋላ፣ ሺዮሚ በቀኝ ክንፍ። ከዕረፍት በኋላ ሞሪዋኪን አስወጥቶ ሺዮሚን ወደ ኋላ ሊያዞረው ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሽማግሌውን ለይሉኝታ አይተነው ልጁን እንመርጣለን።

በሃያኛው ደቂቃ ግድም ተቃራኒው ቡድን ኳሷን ወደ ሰማይ ለጋት። ሞሪዋኪ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፤ ድምፁን ሰምቷል። ኳሷ የምትወድቀው ሺዮሚ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ሞሪዋኪ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ የልጁን ጩኸት ጠበቀ። በራግቢ ኳሷ የኔ ናት የሚል ሰው አፉን ሞልቶ መጮህ አለበት፤ ያልጮኸ የለም ማለት ነው።

ሺዮሚ ከኳሷ ሥር ደረሰ። እጁን ዘረጋ። ከዚያ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ታላቁን አየ። አፉ ተከፈተ፤ ተዘጋ። በእኛ አገር አንድ ዓመት በሚበልጥህ ሰው ላይ አትጮህም። ልጆቻችን ራግቢ የሚማሩት የታላላቆቻቸውን ጫማ እየጠረጉ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጥህን፣ ያውም ለአገሩ የተሰለፈውን ሰው፣ «ዞር በል» ማለት ለሺዮሚ አባቱን ከወንበር እንደማስነሣት ነበር። እጆቹን ሰበሰበ፤ በር ላይ ለአረጋዊ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ጎንበስ አለና አሳለፈው። ሞሪዋኪ ነገሩ ገብቶት ሲወረወር ዘግይቷል። ኳሷ በሁለቱ መካከል ወደቀች፤ ተጣማ ነጠረች፤ ባላጋራ አፍሶ ከመስመሩ ወዲያ መሬት አስነካት፤ በራግቢ ነጥብ የሚቆጠረው እንዲህ ነው።

የተመልካቹ መቀመጫ ሁሉ በሳቅ ተናጋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሞሪዋኪ ለጓደኞቹ ጎንበስ ብሎ።

«የለም ጋሼ፣ የኔ ነው!» ሺዮሚ ከሱ ዝቅ አለ።

«የኔ ነው አልኩህ።»

«ኧረ የኔ ነው ጋሼ!»

«ሁለታችሁም ቀና በሉ!» ብሎ አምባረቀ የቡድኑ አለቃ። «ተሰጋግዳችሁ እስክትጨርሱ ሌላ ያገቡብናል!»

ኡሜሃራ ማስታወሻው ላይ ወፍራም መስመር አሰመረ። «አዩ መምህር? ሠላሳ ሦስት ዓመት ማለት ይኼ ነው። እግሩ አልደርስለት አለ።»

«ሊደርስ አልሄደም። ኳሷ የልጁ ነበረች።»

«ይባስ! የኋላ ሰው ወደ ኋላ ለመጣች ኳስ ሁሉ መሄድ አለበት።»

«ሁለቱም ቢሄዱ ተጋጭተው ሁለት ሰው ነበር የምናጣው። አሥር ደቂቃ ስጠው። ከዕረፍት በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻ።»

ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየኝ። «አሥር። ከዚያ በኋላ እንዳይለምኑኝ።»

ይህን ለሞሪዋኪ ልነግረው በዕረፍቱ ሰዓት ወረድኩ። መልበሻ ክፍል ውስጥ አላገኘሁትም። ከሣር ማጨጃ መኪናው መጠለያ ጀርባ የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ።

«ጥራኝ እስቲ» ይላል ሞሪዋኪ።

«ምን ብዬ፣ ጋሼ?»

«ጋሼን ተዋት። ጋሼ ብለህ ሳትጨርስ ኳሷ መሬት ናት። ታዳ በለኝ።»

«ታዳ… ጋሼ።»

«ታዳ የምትለኝ እናቴ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። አንተም ተቆጣኝ።»

«አልችልም። አሠልጣኜ ቢሰማ ራሴን ነው የሚያስላጨኝ!»

«ለፀጉርህ ነው? ስማኝ ሺዮሚ። ቅድም ቆሜ ምን እየጠበቅሁ ይመስልሃል?»

«ኳሷን… መስሎኝ፣ እርስዎ የሚወስዷት መስሎኝ።»

«ድምፅህን ነበር። ከኋላ ስቆም እኔ የማየው የሁላችሁን ጀርባ ነው። ጀርባ አይናገርም። ዝም ስትለኝ ዕውር ታደርገኛለህ። ማክበርህ ከሆነ ጩኽብኝ።»

ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «ታዳ፣ ተዋት።»

«ይኼ ድመት አያባርርም።»

«ታዳ፣ ተዋት!»

«ድመቷ ዞር ብላ አየችህ። አልሄደችም።»

«ታዳ! ዞር በል! የኔ ናት!»

ከመጠለያው ውስጥ የሜዳው ጠባቂ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «ማነው እዚህ ታላቁን የሚያዋርድ ስድ?»

«እኔ ነኝ ያስገደድኩት አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ሞሪዋኪ ጎንበስ ብሎ። ሺዮሚ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሮጠ።

ያን ጊዜ ወጣሁና አሥር ደቂቃ ብቻ እንዳለው ነገርኩት። ፊቱ አልተለወጠም። እኔ ግን ልቤ አላረፈም።

«ያ ልጅ ቦታህን ሊወስድ የመጣ መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ መምህር።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ አጠገቤ ነው የሚጫወተው» አለና የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ በርከክ አለ።

ለብዙ ዓመታት ስለ ታማኝነት አስተምሬአለሁ፤ አንዳንዱን ነገር ያስተማርኩት ሳይገባኝ እንደነበር ያወቅሁት እንዲህ ባሉ ቀኖች ነው። ታማኝ የምንለው አንድ ጊዜም የማይወድቅ ሰው ይመስለናል። እንደዚያ ያለ ሰው አልገጠመኝም። የገጠመኝ፣ ሌላው ሰው መሳሳት ሳይፈራ አጠገቡ የሚሠራለት ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። በሦስተኛው ደቂቃ ረጅም ኳስ ተለጋ፤ ሞሪዋኪ እንደ ፖስታ ተቀባይ ቆሞ ጠበቃት። በስድስተኛው አንድ ግዙፍ ሰው መስመሩን ጥሶ ብቻውን መጣበት፤ ሞሪዋኪ ወደ ጠርዙ ቀስ በቀስ እየገፋ፣ እየጠበበ፣ መሮጫ ሲያልቅበት ጉልበቱን አቅፎ ከነኳሱ ከሜዳ አወጣው። ጭብጨባው ጥቂት ነበር፤ የዚህ ዓይነት ሥራ ለተመልካች አያምርም። ኡሜሃራ ግን እርሳሱን ማኘክ ጀመረ።

በዘጠነኛው ደቂቃ ያቺው ኳስ መጣች። ከቅድሟ ከፍ ብላ፣ በሁለቱ መካከል፣ ነፋሱ እያወዛወዛት። ሦስት ባላጋራ ወደ ሺዮሚ እየጋለበ ነው። ሞሪዋኪም ተነሥቷል።

«ታዳአአ! ዞር በል! የኔ ናት!»

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የቀድሞ ተጫዋች «ምን አለ?» ብለው ወደኔ ዞሩ። ሞሪዋኪ ግን ስሙን ሲሰማ፣ እምልላችኋለሁ፣ ፈገግ አለ። ዞር አለ፤ ዞር ብሎም አልቆመም፤ ከልጁ ጀርባ ሦስት እርምጃ ያህል ገባ። ሺዮሚ ዘለለ። አየር ላይ ሳለ መቱት። ኳሷ ከጣቶቹ አምልጣ ወደ ኋላ ወደቀች፤ መሬት ሳትደርስም ሞሪዋኪ ደረት ላይ አረፈች። አንዴ ቀና ብሎ አየና ከመሐል መስመር ወዲያ አርቆ ለጋት።

ሺዮሚ ከመሬት ሲነሣ «ይቅርታ፣ አመለጠችኝ!» አለ።

«ጮኸሃል እኮ። የሚያመልጠውማ ያመልጣል፤ እኔ ከኋላ ምን ልሠራ ቆሜአለሁ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዘዘ ሰው የለም። የግራው ክንፍም «ታዳ!» ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎም የመሐል ሰዎቹ። ሜዳው እንደ ዓሣ ጨረታ ጮኸ። አሥሩ ደቂቃ አለፈ፤ ሃያው አለፈ። ኡሜሃራ ሰዓቱን አላየም፤ ወይም አይቶ ዝም አለ።

ከጨዋታው በኋላ ሦስተኛው መራጭ ታሞ ስለቀረ ሁለታችን ብቻ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን።

«ያንን ጩኸት ያስተማረው ማነው?» አለ ኡሜሃራ።

ከመጠለያው ጀርባ የሰማሁትን ነገርኩት።

«መሳቂያ ልንሆን ነው። ሕዝብ ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ አንድ ተማሪ ታላቁን ታዳ ሲል!»

«ዌልሶች ሲለጉ በጨዋ ደንብ ዝም ብለን ብንሸነፍ ይሻላል?»

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ የፈራው እኔም የምፈራውን ነው። ባረጀ ሰው መተማመን ለራስ እርጅና መማለድ እንዳይሆን እሰጋ ነበር። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልኩት።

«ሺዮሚ ኳስ ይይዛል። ሞሪዋኪ ከኋላ ሲኖር ሌሎቹም ይይዛሉ። እኔ ያየሁት ይኼንን ነው። የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው።»

እርሳሱን አስቀመጠ፤ አነሣ። ስም ዝርዝሩን በክንዱ ጋርዶ ጻፈ። እንዳየው አልፈቀደልኝም፤ ልማዱ ነው።

ስሞቹ የሚነበቡት ማታውን፣ ተጫዋቾቹ ባረፉበት ማደሪያ ምግብ አዳራሽ ነበር። ሠላሳ ሰው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ተቀምጧል። ደንቡ ከአንድ ቁጥር መጀመር ነው፤ ስለዚህ የኋላ ሰው ዕድሉን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሞሪዋኪ በሩ አጠገብ ነበር፤ መዳፎቹ ጭኖቹ ላይ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ። ካልተጠራ ማንንም ሳይረብሽ መውጣት እንዲመቸው እዚያ መቀመጡ ገባኝ።

ኡሜሃራ አነበበ። አንድ፤ «አቤት!» ሁለት፤ «አቤት!» ሰባት፣ ስምንት። ያልተጠሩት ትከሻቸው ቀስ በቀስ ይወርዳል። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።

«አሥራ አራት። ሺዮሚ ሬንታሮ።»

«አቤት!» አለ ልጁ፤ ወዲያው ግን አንገቱን አዙሮ በሩን አየ። አሥራ አራት ክንፍ ነው። ልጁ ክንፍ ከሆነ የኋላው ቦታ ክፍት ነው። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሒሳቡን አወጣ። ሞሪዋኪ ብቻ ግድግዳውን እያየ ነው፤ የጆሮው ጫፍ ግን ቀልቷል።

«አሥራ አምስት» አለ ኡሜሃራ። ወረቀቱን አጠፈው፤ በቃሉ ያውቀዋል። «ሞሪዋኪ ታዳኖሪ።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሞሪዋኪ!»

«አቤት» አለ፤ ድምፁ ከሆነ ጥልቅ ቦታ የመጣ ይመስል ነበር። ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አደረገና እዚያው ቆየ። ማንም አላጣደፈውም።

ቆይቶ በኮሪደሩ ስልክ ለሚስቱ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። «አዎ… አሥራ አምስት… አይ፣ ተጠባባቂ አይደለም። አሥራ አምስት… እንዴ፣ ምን ያስለቅሳል? … እኔማ አላለቀስኩም። መምህር አጠገቤ ናቸው፣ ጠይቂያቸው።» መነጋገሪያውን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ አቀበለኝ።

«መምህር፣ አልቅሷል አይደል?» አለችኝ ኪኑኤ።

«ትንሽ።»

«እሰይ!» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ኡሜሃራ መንገድ ላይ ጠበቀን። ከሞሪዋኪ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ሲነጋገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«ዌልሶች ኳሷን ሁሉ አናትህ ላይ ነው የሚያዘንቡት። ዕድሜህን ያውቃሉ።»

«ገብቶኛል። ነገ ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ሜዳውስ ስንት ሰዓት ይከፈታል?»

«አሥራ ሁለት ላይ። ለምን?»

«ክንፎቹን ይዤ ልግባ ብዬ ነው። የግራው ልጅ ገና ያፍራል።»

ሺዮሚ ከአዳራሹ ውስጥ ሰምቶ ኖሮ አፉ በሩዝ እንደተሞላ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት? በጨለማ?»

«ማነው ጋሼ?» አለ ሞሪዋኪ።

ልጁ ሩዙን ዋጠ፤ ወደ ኡሜሃራ በስርቆት አየ። ኡሜሃራ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ታዳ» አለ ሺዮሚ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቁርስ ሳልበላ አልመጣም!»

«ትመጣለህ» አለው ሞሪዋኪ፤ ሳህኑንም ይዞ ከልጆቹ መሐል ገብቶ ተቀመጠ።